ሞግዚቷ ብቻዋን የወጣች ቀን

ሰውየው አይተነፍስም፤ ስክሪኑ ላይ የቆመችው ሴት ግን ትተነፍሳለች።

ኢንስፔክተሩን ያስበረገገው ይኸው ነበር። ሬሳማ ድሮም ይፈራል፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። የግድያ ምርመራ ኃላፊ ሆኖ ሬሳ መፍራት ዋና የማይችል ዓሣ አጥማጅ እንደመሆን ነው እያሉ ከኋላው ይስቁበታል፤ ደፋሮቹ ፊት ለፊት። ዛሬ ግን ያስፈራው ወንበሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ የቀረው ወጣት ብቻ አልነበረም። ከወጣቱ ፊት ነጭ ካባ የለበሰች፣ በትር የያዘች የጨዋታ ሴት ዝናብ ላይ ቆማለች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። አልፎ አልፎ ዓይኗን ታርገበግባለች። ሂጂ የሚላት ሰው ትጠብቃለች።

"አለቃ፣ ግባ እንጂ። አይናከስም" አለች ሳጅኗ። ከሟቹ አንገት ላይ ጎንበስ ብላ ነበር፤ የደረት ኪሷ ውስጥ ብስኩት አለ።

"ከዚህ ይታየኛል" አለ ኢንስፔክተሩ፣ የበሩን መቃን እንደያዘ።

"በጆሮ ማዳመጫው ገመድ ነው ያነቀው። ከኋላ። ብድግ ለማለት እንኳ ፋታ አልሰጠውም። የሚያውቀው ሰው ነው፤ ለማያውቁት ሰው ጀርባ አይሰጥም።"

ሟቹ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኮምፒውተር፣ ሁለት ኪቦርድ፣ ሁለት ማውስ ተደርድሯል። በግራው ስክሪን ነጭ ለባሿ ትተነፍሳለች፤ የቀኙ ጨልሟል። ሳጅኗ በጓንቷ ጫፍ የቀኙን ማውስ ነካ አደረገችው። ስክሪኑ ወዲያው በርቶ የይለፍ ቃል ጠየቀ።

"ለአንድ ወንደላጤ ሁለት ኮምፒውተር ምን ያደርግለታል?"

"ምን አውቄ" አለች ሳጅኗ። "አንተ ሁለት ጃንጥላ የለህም?"

አከራይዋ ግቢው ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ነጠላ ጫማቸውን በተቃራኒው እንዳጠለቁ ገና አላወቁም።

"ማታ የሰሙት ነገር አለ እማማ?"

"ያው የሱን ቅጥቀጣ ነዋ። እራት እስካቀርብ ታካ ታካ ሲል ነበር። ከዚያ ዝም አለ፤ ትንሽ ቆይቶ የግቢው በር ጮኸ።"

"ሰው ገባ ማለት ነው?"

"ወጣ እንጂ ልጄ። ይህ በር ሲገቡበት ያቃስታል፣ ሲወጡበት ይጮኻል። ኖሬበታለሁ።"

"የገባውንስ አላዩም?"

"አመሻሹን ገበያ ነበርኩ።"

"የክፍሉ በር ሲንኳኳስ?"

"ግድግዳው እኮ ካርቶን በለው። ሲያዛጋ እንኳ እሰማዋለሁ። የተንኳኳ በር የለም።"

ሐኪሙ የሞተው ከአመሻሽ እስከ ምሽት ባለው ጊዜ ነው አለ፤ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

የሟቹ ታላቅ እህት የምትኖረው ከኋላው መንገድ ላይ ነው፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚደረስበት ርቀት። በሩን የከፈተላቸው ባሏ ነበር። የሒሳብ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ወንበር ሳበላቸው፤ ውሃ ቀዳላቸው፤ ሚስቱ ትከሻ ላይ ሹራብ ጣል አደረገላት። ኢንስፔክተሩ 'ጨዋ ሰው' ሲል አሰበ።

እህትየዋ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። ዓይኗ አብጧል። ከጎኗ የራሷ ኮምፒውተር አለ።

"ያቺ ነጭ የለበሰችው ማናት?" አላት።

"ሞግዚቷ ነች።" ልትስቅ ምንም አልቀራትም። "ጨዋታው ላይ ወንድሜ ሁለት ሰው ነው የሚያጫውተው። ዋናው ጎራዴ የያዘ ተዋጊ ነው። እሷ ደጋፊው ናት፤ አትዋጋም፣ ከኋላ እየተከተለች የቆሰለውን ታድናለች። በቀኝ እጁ እየተዋጋ በግራው ያስታምማል። ሞግዚቷ ያልናት እኛ ነን።"

"እኛ ማለት?"

"እኔና የሱቅ ሸሪኩ። እኔ ቀስተኛ ነኝ። ሸሪኩ ጋሻ ያዥ ነው። ሁልጊዜ ሲመሽ እንገናኛለን፤ ሁላችንም ከያለንበት፣ በጽሑፍ እያወራን።"

"ትላንትስ?"

"ትላንት ጎራዴው አልወጣም። 'አንዱ ማውስ ተበላሽቶብኛል፣ በሞግዚቷ ብቻ ነው የምመጣው' ብሎ ጻፈልን። ገረመን፤ ሞግዚቷ ብቻዋን ወጥታ አታውቅም።"

ሳጅኗ ኢንስፔክተሩን አየችው። ማውሱን በጣቷ የነካችው እሷ ናት፤ ደህና ይሠራ ነበር።

"ከዚያ ዘንዶው ጋ ስንደርስ ክፉኛ ቆሰልን፤ እኔም ጋሻ ያዡም። ሞግዚቷ እሱን ትታ እኔን አዳነችኝ።" ድምጿ ተሰበረ። "ስንት ጊዜ ስሞት ቆሞ አይቶኛል መሰለዎት። 'ሥጋዬ ነሽ፣ ጨዋታ ላይ ግን ጋሻ ይቀድማል፤ ጋሻ ከወደቀ ሁላችንም አለቅን' ነበር የሚለኝ። ስንጣላ የኖርንበት ነገር ነው። ትላንት ግን መረጠኝ። እንደ ትላንት ወዶኝ አያውቅም።"

"ዘንዶውስ?"

"ፈጀን። ጋሻ ያዡ ወደቀ፣ ከዚያ ሁላችንም። ከመንደራችን በር ላይ ነቅተን ስንሳደብ ወንድሜ 'በር ተንኳኳ፣ መጣሁ' አለ።" ሹራቡን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። "አልመጣም።"

"በዚያን ሰዓት እርስዎ የት ነበሩ?" አለ ኢንስፔክተሩ ወደ መምህሩ ዞሮ።

የመለሰችው ሚስትየዋ ናት። "እዚሁ ነዋ። ወንድሜ መጣሁ ብሎ ከመጻፉ እሱ ዳቦ ይዞ ገባ። ራሴን ሲፈልጠኝ ነበር ያመሸው፤ ሳልነግረው የራስ ምታት ኪኒንም ይዞልኝ መጣ። ባሌ ነቢይ ነው። ብርቱካን ባማረኝ ቀን ብርቱካን ይዞ ይገባል።"

"አብሮ መኖር ነው" አለ መምህሩ አንገቱን ሰበር አድርጎ። ቀጥሎም "በዚህ ሰዓት ስለ ዕቃ ማንሳት ነውር ነው፤ ግን ላፕቶፔ ለጥገና እሱ ጋ ነበር። የተማሪዎች ውጤት አለበት።"

"ክፍሉ ውስጥ ላፕቶፕ አልነበረም" አለች ሳጅኗ።

መምህሩ ግንባሩን ያዘ። "ለላፕቶፕ ብሎ? ሌባ ነው እንዴ ታዲያ?"

"እርስዎስ ይጫወታሉ?"

"እኔ? ያንን የልጅ ነገር?" ፈገግታው ትሑት ነበር። "ለኔ የወረቀት እርማት ይበቃኛል።"

ሲወጡ እህትየዋ እስከ ግቢው በር ተከተለቻቸው። ወደ ኋላ ገልመጥ ብላ ድምጿን ቀነሰች።

"ባሌ ከሰማ ጨዋታውን ያስተወኛል፤ ለዚያ ነው ፊቱ ያልተናገርኩት። ጥላ የሚባል አለ። እሱም ደጋፊ ነው፤ ግራጫ የለበሰ። ማን እንደሚያጫውተው አናውቅም። ከድሮ ጀምሮ ከኋላዬ ይከተለኛል። አይናገርም። ስቆስል ያድነኛል፤ እኔን ብቻ። መጀመሪያ የሆነ ደግ ሰው ነው እል ነበር።"

"አሁንስ?"

"ትላንት አልመጣም። ስንት ጊዜ ስጫወት ቀርቶ የማያውቅ፣ ወንድሜ በሞተበት ምሽት ብቻ ቀረ። ዛሬ ጠዋት መርዶውን ሳልሰማ ወንድሜን ፍለጋ ስገባ ግን ቆሞ ነበር። የቤቴን በር እያየ።"

"የትኛውን ቤት?"

"የጨዋታውን።" ክንዷን አቀፈች። "ወንድሜን ያገኘው ሰው እኔንም ያገኘኛል። ቀጣይዋ እኔ ነኝ። ፈራሁ።"

ኢንስፔክተሩ ሙያው የሚፈቅድለትን ምክር ሰጣት። "በርዎን ከውስጥ ይቆልፉ። ከባለቤትዎ አይለዩ።"

አዛዡ ነገሩ እንዲራዘም አልፈለገም። የሱቁ ጎረቤቶች ሸሪኩ ሟቹ ላይ በዚያው ቀን "መልስለትና ገላግለን!" ብሎ ሲጮህበት ሰምተዋል። ምሽቱን ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር፤ ምስክሩ ጋሻ የያዘ የካርቱን ሰው ነው። "ዘንዶ ስዋጋ ነበር የሚል ሰው ታስሮ ካላደረ ማን ሊታሰር ነው?" አለ አዛዡ። ሸሪኩ ታስሮ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ቁም ሳጥን የሚያህል ሰው ነው።

"በምን ተጣላችሁ?"

"በደንበኛ ዕቃ። ላፕቶፑን አልሠራውም አልመልሰውምም አለ። ለምን ስለው 'መጀመሪያ ከሰውየው ጋር የምነጋገረው አለኝ' አለኝ። ይዞት ወደ ቤቱ ሄደ።"

"ምን ሆኖ ነበር የመጣው?"

"ብልሽት እንኳ አይባልም። አንዲት ቁልፍ። አራት ቁጥር ተበልታ፣ ላልታ፣ ሲነኳት 'ጧ' ትላለች። የቀሩት ቁልፎች ገና አዲስ ናቸው። እኔማ 'ይሄ መምህር ተማሪውን ሁሉ ከመቶ አራት ነው እንዴ የሚሰጠው?' ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ከፍቶት ሲያየው ቆየና ፊቱ አመድ መሰለ።"

ሳጅኗ ብስኩቷን ማኘክ አቆመች። "የቱ መምህር?"

"የእህቱ ባል ነዋ።"



"አራት ቁጥር ጨዋታው ላይ ምንድን ናት?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ማዳኛዋ ናታ። ደጋፊ የሚያጫውት ሰው ጣቱ እሷ ላይ ነው የሚያረጀው። የሟቹ ኪቦርድም ላይ አራት ቁጥር ተፍቃለች፤ ሂዱና እዩ።"

"ትላንትና ማታ... አይ፣ ከትላንት ወዲያ ማታ፣ ሞግዚቷ አንተን ትታ ቀስተኛዋን ስታድን ምን አልክ?"

"ተሳደብኩ። ከዚያ ደግሞ ግራ ገባኝ።" ሸሪኩ ትልልቅ መዳፎቹን ገለጣቸው። "በደህናው ጊዜ ሰው አስቦ ያድናል። ዘንዶ ሲያነድህ ግን አታስብም፤ ጣት የለመደውን ሰው ነው የሚያድነው። የሱ ጣት የለመደው እኔን ነበር። እሷን የለመደ ጣት..."

 አፉ ተከፍቶ ቀረ።

"ራሴን አመመኝ ያለችው የት ነው?" ጠየቀ ኢንስፔክተሩ በቀስታ።

"እዚያው ጨዋታው ላይ። 'ራሴን ሊሰነጥቀኝ ነው' ብላ ለሁላችንም ጻፈችልን።"

ኢንስፔክተሩ ተነሳ፤ ወንበሩ ከኋላው ወደቀ። ከእህትየዋና ከሸሪኩ በቀር ያንን ያነበበ፣ ከሞግዚቷ ጀርባ ተቀምጦ ያነበበ ሰው ነው ወደ ቤቷ ኪኒን ይዞ የገባው። በር አልተንኳኳም፤ 'ተንኳኳ' ተብሎ የተጻፈው ሟቹ እስከዚያ በሕይወት የነበረ፣ ገዳዩም ከዚያ በኋላ የመጣ እንዲመስል ነው። ጎራዴው ያልወጣው ማውሱ ተበላሽቶ ሳይሆን የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ሞቶ ስለነበር ነው። ክፍት ሆና የተገኘችው ሞግዚቷ ብቻ ናት።

"ከባለቤትዎ አይለዩ ብያታለሁ" አለ።  "በርዎን ከውስጥ ይቆልፉ ብያታለሁ።"

መኪናው ውስጥ ሳጅኗ መሪውን ይዛ "ማስረጃህ ምንድን ነው?" አለችው። "ኪኒንና ጣት? አዛዡ ሳቅ በሳቅ ይሆናል።"

"ላፕቶፑ።"

"ሰርቀውታል ያለውን ላፕቶፕ እቤቱ አስቀምጦ ይጠብቅሃል?"

"እሷን ሳያይ መዋል አይችልም" አለ። "ቁልፏ ስትጮህ ሚስቱ እንዳትሰማበት ብሎ ነው መጀመሪያውኑ ሊያስጠግናት የሰጠው። መጣል ቢችል ኖሮ ያኔ ይጥለው ነበር።"

ሸሪኩን ሱቁ አወረዱት፤ ምን እንደሚያደርግ መንገድ ላይ ነግረውታል።

አስከሬኑ ገና ከሐኪም ስላልተመለሰ ቤቱ ጭር እንዳለ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ መጋረጃው ግን ተዘግቷል። በሩን የከፈተችው እህትየዋ ናት። ኢንስፔክተሩ ዕድሜውን ሙሉ ሰው በሕይወት ስላየ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

"ባለቤትዎስ?"

"ውስጥ ነው፣ ወረቀት እያረመ።" የውስጠኛው ክፍል በር ተዘግቷል።

"ደህና ዋሉ መምህር" አለ ጮክ ብሎ።

"እንኳን ደህና መጡ፤ ጨርሼ እመጣለሁ" አለ ዝግ ያለው ድምፅ ከውስጥ።

ሳጅኗ በጓሮ በኩል ወደ መስኮቱ ሄዳለች። ሳሎኑ ውስጥ እሱና እሷ፣ ከበሩ ወዲያ ደግሞ መምህሩ። ኢንስፔክተሩ እግሩ ሽሽ ሽሽ ይለዋል። በምትኩ ወንበሯ አጠገብ ቆመ።

"ጨዋታውን ያሳዩኝ። እንዴት እንደሆነ ካልገባኝ ወንድምዎን የገደለውን አላገኝም።"

ከፈተች። ማዳመጫውን እንደለመደችው ልታጠልቅ ስትል "እሱ ይቅር" አላት። ቀስተኛዋ የጫካ ዳር ላይ ብቅ አለች። ጋሻ ያዡ ቀድሞ ቆሟል።

"ሸሪኩ ተፈታ?"

"ተፈታ። ይከተሉት።"

ጥቂት እንደሄዱ ከኋላዋ ግራጫ ነገር ብቅ አለ።  "መጣ" አለች በሹክሹክታ።

ጋሻ ያዡ ዛፎቹ መሀል ገባ፤ ተኩላዎቹ ከየጥሻው ሲወጡ ጋሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ዞር አለ። ተኩላዎቹ ቀስተኛዋ ላይ ተረባረቡ። የሕይወቷ መስመር ቀልቶ አጠረ።

ከተዘጋው በር ወዲያ፣ ጧ።

አረንጓዴ ብርሃን ቀስተኛዋ ላይ ወረደ። መስመሩ ሞላ።

ተኩላው ደግሞ ነከሳት። ጧ። ብርሃኑ ወረደ።

"ምንድን ነው የሚጮኸው?" አለች እህትየዋ።

ኢንስፔክተሩ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና እጇን ከኪቦርዱ ላይ ቀስ ብሎ አነሳላት። ቀስተኛዋ ሳትዋጋ፣ ሳትሸሽ፣ ቆማ ተበላች። በሩ ወዲያ ድምፁ ፈጠነ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ነከሷት፣ ዳነች፤ ነከሷት፣ ዳነች። መሞት አልተፈቀደላትም።

እህትየዋ መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ቀጥሎ በሩን፣ ቀጥሎ ኢንስፔክተሩን አየች። ፊቷ ላይ ብርቱካኑም፣ ኪኒኑም፣ የወንድሟም መጨረሻ አንድ በአንድ ሲያልፍ ታየው። አልጮኸችም። ሁለት እጇን አፏ ላይ ብቻ ጫነች።

ድምፁ ቆመ።

ያን ሁሉ ጊዜ አንዲት ቃል ተንፍሶ የማያውቀው ጥላ፣ ስክሪኑ ታች ላይ ጻፈ።

"ለምን ቆምሽ?"

የበሩ እጀታ ወደ ታች ሲወርድ ኢንስፔክተሩ አየው። እንዴት እንደሆነ ሳያውቀው፣ በእሷና በበሩ መሀል ገብቶ ቆሟል። መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ ብቅ አለ።

"ሻይ ላፍላላችሁ?" አለ።

ከኋላው፣ በመስኮቱ የገባችው ሳጅን ላፕቶፑን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ክፍት ነው። ግራጫው ሰው ላዩ ላይ ይተነፍሳል።

መምህሩ አልታገለም። ካቴናው ሲገባለት ከፖሊሶቹ ይልቅ ሚስቱን ነበር የሚያየው። "እኔ ጎድቼሽ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ እንድትሞቺ አላደረግኩም። እሱ ነው ሊለያየን የመጣው፤ 'ዛሬውኑ ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ' ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ጨዋታውን ሊከፍት። ለሱ እኮ ጨዋታ ነበር።"

 መኪናው ባሏን ይዞ ሲሄድ እህትየዋ ኢንስፔክተሩን እጅጌውን ያዘችው።

"ሞግዚቷ አሁንም ዝናብ ላይ ናት" አለች። "ያኔ ከሞትን በኋላ መንደሩ በር ላይ ነው የቀረችው። እኔ እዚያ ክፍል መግባት አልችልም። ሰው ወደ ቤት ያስገባልኝ።"

የጨዋታ ሴት አይበርዳትም ሊላት ፈለገ። አላላትም።

የሟቹን ክፍል ሲከፍቱት አየሩ ታምቋል። ወንበሩ እንደነበረ ነው። ሳጅኗ የበሩን መቃን ተደግፋ "አለቃ፣ እኔ ልቀመጥልህ" አለች፤ አልቀለደችም።

"አይ።"

ወንበሩን ሁለቴ ዞረው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠበት። ተንቋቋ፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም። በግራው ስክሪን ሞግዚቷ ርሳ ቆማለች፣ ትተነፍሳለች።

ስልኩን ጆሮውና ትከሻው መሀል አጣበቀው። "እሺ፣ ምኑን ልጫን?"

"ወደ ፊት የምታመለክተውን ቀስት" አለች እህትየዋ። "ከፊት ለፊትዋ ሰማያዊ በር አለ። የወንድሜ ቤት ነው። ቀስ ብለው፤ ቶሎ ከተጫኑ ግድግዳ ጋር ያጋጯታል።"

አጋጫት። ሳጅኗ ከኋላው ሳቋን ዋጠች። ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ሞከረ፤ ሞግዚቷ ካባዋን እየጎተተች ጭቃውን አቋርጣ በሰማያዊው በር ገባች። ዝናቡ ከላይዋ ቆመ። ውስጡ አልጋ፣ ሻማ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጎራዴ ነበር።

"ገባች?" አለ ስልኩ።

"ገባች።"

"ከኋላዋ የተከተላት ሰው አለ?"

ኢንስፔክተሩ ስክሪኑን አየ። ከዚያ አንገቱን አዙሮ የራሱንም ኋላ አየ።

"ማንም የለም" አላት። "ይቆልፉ ያልኩዎትን በር አሁን መክፈት ይችላሉ።"